ስሟ አርሲ፣ ግብሯ ለሸዋ
ድንበር ሲዛወር አብሮ ስለማይዛወረው ማንነት የተደረገ ዳሰሳ

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በመኪና የተጓዘ ሁሉ አርሲ ነገሌን ያውቃታል። ከሻሸመኔ ቀጥላ፣ ወደ ሻላና ወደ አብያታ ሐይቆች ከመድረሱ በፊት ያገኛታል። በስሟ ላይ «አርሲ» የሚለው ቃል የተጨመረው ከቦረናዋ ነገሌ እንድትለይ ነው። መንገደኛው ግን ከተማዋ ለረጅም ዘመን አርሲ በሚባል አስተዳደር ሥር እንዳልነበረች ሲሰማ ሊገርመው ይችላል። በዘውዱ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ነበረች። ደርግ ሲመጣ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ እንጂ እሷ ከሸዋ አልወጣችም። ከ1984 ዓ.ም. በኋላም በምሥራቅ ሸዋ ዞን ተመደበች። ሦስት መንግሥታት ግብሯን ለሸዋ አስገብረዋታል፤ ስሟን ግን አንዳቸውም አልነኩትም። «አርሲ» የሚል ስም ያለው አስተዳደር ያገኘችው በ1990ዎቹ መጨረሻ ምዕራብ አርሲ የሚባል ዞን ሲቋቋም ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚነሳው ከዚህች ከተማ ነው። ካርታ ላይ መስመር በተዛወረ ቁጥር ሰው ራሱን የሚጠራበት ስም ምን ይሆናል? በአሰላና በአርሲ ደጋ ይህ ጥያቄ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሲመላለስ ኖሯል። መልሱም በየዘመኑ የተለያየ ነው።

ከካርታው በፊት

አርሲ አስቀድሞ የሕዝብ ስም ነው፤ የአገር ስም የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የአርሲ ኦሮሞ ራሱን በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይቆጥራል፤ አምስቱ ሲኮና ሰባቱ መንዶ ይባላሉ። ጎሳው በእነዚህ ሥር ይዘረዘራል፤ የጋብቻ ክልከላው፣ የጉማው (የደም ካሣው) ክፍያና የሽማግሌው ሥልጣን የሚቆጠረውም በዚሁ ሐረግ ነው። ይህ አቆጣጠር ወንዝ ሲያጋጥመው አይቆምም። ከአዋሽ ደቡብ ዳርቻ ተነስቶ በጭላሎና በካካ ተራሮች አልፎ፣ ዋቢ ሸበሌን ተሻግሮ ባሌን ይይዛል፤ በምዕራብ በኩል እስከ ዝዋይ፣ እስከ ሻሸመኔና እስከ ሲራሮ ቆላ ይዘልቃል።

ለዚህ ሕዝብ ማዕከል የሚሆኑት ቦታዎችም ዛሬ አርሲ ከምንለው ዞን ውጭ ይገኛሉ። የአርሲ ገዳ ሸንጎ የሚነሳበት ኦዳ ሮባ ያለው በባሌ ምድር ነው። ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ ምእመናን በየዓመቱ የሚጎርፉበት የሼኽ ሁሴን መካነ መቃብርም እንዲሁ ባሌ ውስጥ ነው። ሴቶች በደል ሲደርስባቸው ወይም ጠብ ሲነሳ ይዘውት የሚወጡት የሲንቄ በትር በአሰላ ዙሪያም፣ በኮፈሌም፣ በዶዶላም ያው የከበረ በትር ነው።

በስም የተረፈ ማስረጃም አለ። ዛሬ ጎሎልቻ የሚባሉ ሁለት ወረዳዎች አሉ፤ አንዱ በአርሲ፣ ሌላው በዋቢ ማዶ በባሌ በኩል። አስተዳደሩ ወንዙን ድንበር ሲያደርግ ስሙን ወዲህና ወዲያ ማዶ አስቀርቶታል።

የመጀመሪያው መስመር

በአርሲ ላይ የመጀመሪያው የመንግሥት መስመር የተሰመረው በጦርነት ነው። የምኒልክ ጦር በራስ ዳርጌ መሪነት በአርሲ ላይ ያካሄደው ዘመቻ ዓመታትን የፈጀ ሲሆን፣ ትልቁ የአዙሌ ጦርነት በ1878 ዓ.ም. ተደረገ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ተለካ፤ ለዘማች፣ ለባለሟልና ለቤተ ክህነት ተከፋፈለ፤ ባላገሩ ገባር ሆነ። ስሙም በአማርኛ ጽሕፈት «አሩሲ» ተብሎ በመዝገብ ገባ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱን በ12 ጠቅላይ ግዛቶች ሲከፍል አሩሲ አንዱ ሆነ። ቀድሞ መቀመጫ የነበረችው ጢቾ ስትሆን፣ በኋላ መንበሩ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ወዳለችው አሰላ ተዛወረ። ጠቅላይ ግዛቱ ጭላሎ፣ ጢቾና አርባ ጉጉ በሚባሉ ሦስት አውራጃዎች ተደራጀ። በሰሜን አዋሽ፣ በደቡብ ዋቢ ወሰኑ ነበር።

ይህ መስመር የአርሲን ሕዝብ በሦስት ከፈለው። አንደኛው ክፍል ስሙን በያዘው ጠቅላይ ግዛት ቀረ። ሁለተኛው በባሌ ነበር፤ ባሌ ደግሞ ራሷ በ1950ዎቹ መግቢያ የራሷን ጠቅላይ ግዛትነት እስክታገኝ ድረስ በሐረርጌ ሥር ነበረች። ሦስተኛው በሐይቆቹ ዙሪያ ያለው ነው፤ እሱም ለሸዋ ተሰጠ። ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ በአንድ በኩል የአርሲ ኦሮሞን፣ በሌላ በኩል የጉራጌን አገር በአንድ ማኅተም ያሠረ አውራጃ ነበር። አውራጃ ሲቆረጥ የሚታሰበው የመንገድ ምቾት፣ የግብር አሰባሰብና የሹመት ድልድል እንደነበር ከዚህ ይታያል። ሰውየው ራሱን ማን ብሎ ይጠራል የሚለው ጥያቄ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አልቀረበም።

ጭላሎ፦ መስመር ገንዘብ ሲያመጣ

ይሁንና አስተዳደራዊ መስመር ባዶ ወረቀት ነው ማለት ስሕተት ነው። የዚህ ምስክር ጭላሎ ናት።

በ1960 ዓ.ም. መባቻ የስዊድን መንግሥት ከኢትዮጵያ ጋር ተስማምቶ በአሰላ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅትን አቋቋመ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ካዱ» በሚለው አጭር ስሙ ነው። ድርጅቱ በተለይ የተሠራው ለጭላሎ አውራጃ ነበር። ማዳበሪያ፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ብድር፣ የተዳቀለች የወተት ላም፣ መንገድና የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ በዚያ መስመር ውስጥ ገቡ። በጢቾና በአርባ ጉጉ ያለው ገበሬ ተመልካች ሆነ።

ገንዘቡ የመጣው ከጣጣው ጋር ነው። ስንዴው ትርፍ ማምጣት ሲጀምር ባለመሬቱ ትራክተር አስገባ፤ ትራክተር ያስገባ ባለመሬት ጭሰኛውን አስወጣ። ለትንሹ ገበሬ የታሰበው ልማት ትንሹን ገበሬ ከማሳው ነቀለው። በዚያን ጊዜ ጥናት ያደረጉ ሊቃውንት ይህን በሰፊው ጽፈውታል፤ ለመሬት ላራሹ ጥያቄም አርሲ አንዱ ዋና ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል።

ለእኛ ዳሰሳ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ አንድ አውራጃ አስፋልት፣ ዘርና ብድር ሲያገኝ ጎረቤቱ ካላገኘ፣ መስመሩ በሰው ኑሮ ውስጥ ይገባል። «የጭላሎ ሰው» መባል ትርጉም ያገኘው በጎሳ ቆጠራ ሳይሆን በካዱ ዘመን በነበረው ዕድልና መከራ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ድርጅቱ ስሙን «አርዱ» ብሎ ለክፍለ ሀገሩ ሁሉ ሲዘረጋ በአውራጃዎቹ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ማጥበብ አንዱ ዓላማው ነበር።

ጋሻ፣ ገበሬ ማኅበር፣ መንደር

ደርግ ከላይ ያለውን ስም ጠቅላይ ግዛትን ክፍለ ሀገር በማለት ለወጠ። ከታች የሠራው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ፣ ቢያንስ 20 ጋሻ (800 ሄክታር) በሚሆን መሬት ላይ ገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩ ከአውራጃ ጽሕፈት ቤት ወርዶ የገበሬውን ማሳ ዳርቻ ነካ። የዛሬው የገጠር ቀበሌ ወሰን በብዙ ቦታ የዚያ መስመር ልጅ ነው።

ቀጥሎ መንደር ምሥረታ መጣ። በ1970ዎቹ ማብቂያ አርሲ ይህ ዘመቻ በስፋት ከተካሄደባቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር። ሰው ከየማሳው ዳር ተነስቶ በተርታ በተሰለፈ መንደር ገባ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) አገሪቱን በአስተዳደር አካባቢዎችና በአምስት ራስ ገዝ አካባቢዎች አዲስ ሸነሸናት፤ አርሲ ስሟንና መቀመጫዋን ይዛ ቆየች፤ ብዙ ቦታ ግን ካርታው እንደገና ተሳለ።

የመንደር ምሥረታው ውጤት ለማንነት ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና አስገዳጁ እጅ ሲላላ፣ ሰው ብዙ ቦታ መንደሩን አፍርሶ ወደ ቀድሞ ግቢው ተመለሰ። አዲሱ ተርታ የመንግሥት ካርታ ነበረው፤ አሮጌው ግቢ ደግሞ የአያት መቃብር፣ የከብት በረትና የጎረቤት ዕድር ነበረው። ሰው የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

ዞን፣ ሕገ መንግሥቱ ስሙን ያልጠራው እርከን

በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ብሔራዊ ክልላዊ መስተዳድሮችን አቋቋመ። አርሲ በኦሮሚያ ሥር ዞን ሆነች። አውራጃ የሚባለው እርከን ጠፋ፤ ጭላሎ፣ ጢቾና አርባ ጉጉ ከመንግሥት ማኅተም ላይ ወረዱ። ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃም ተሰነጠቀ፤ ቡታጅራ ወደ ደቡብ፣ ሐይቆቹ ወደ ኦሮሚያ ሄዱ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ቋንቋን ሳያይ የተቆረጠው መስመር፣ ቋንቋን መነሻ ባደረገ መስመር ተተካ።

እዚህ ላይ ሕጉን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስለ ክልል ድንበር በግልጽ ይናገራል። አንቀጽ 48 የክልሎች የወሰን ጥያቄ በስምምነት እንዲፈታ፣ ካልተስማሙ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሰፋፈርንና የሕዝብን ፍላጎት መሠረት አድርጎ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲወስን ያዛል። ስለ ዞን ግን ሕገ መንግሥቱ ምንም አይልም። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ክልሎች «አስፈላጊ ሆነው በሚያገኟቸው» ሌሎች እርከኖች እንዲዋቀሩ ይፈቅዳል፤ ዝርዝሩን ለእነሱ ይተዋል። በኦሮሚያ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ አስፈጻሚ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ በክልሎች መካከል ያለ ድንበር ሲነሳ የሕዝብ ፍላጎት ይጠየቃል፤ በአንድ ክልል ውስጥ ዞን ሲከፈል ወይም ሲቀላቀል ግን ሕዝብን መጠየቅ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የክልል በጀት በጥቅል ድጎማ ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። ወረዳ ከዚያ ወዲህ የራሱ በጀት፣ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ቅጥር ያለው ቤት ሆነ። በየቦታው «ወረዳ ይሰጠን» የሚል ጥያቄ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምዕራብ አርሲ፦ መስመሩ ስሙን ሲከተል

የ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ምዕራብ አርሲ የሚባል ዞን አያውቅም። የ1999ኙ ቆጠራ ግን 1,964,038 ሰው ይዞ መዘገበው። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ኦሮሚያ አዲስ ዞን አቋቁሟል፤ መቀመጫውም ሻሸመኔ ሆነ። ወረዳዎቹ ከሦስት ዞኖች የተሰበሰቡ ናቸው። ከአርሲ ዞን ኮፈሌ፣ ኮሬና ገደብ አሳሳ፤ ከባሌ አዳባ፣ ዶዶላ፣ ኮኮሳና ነንሰቦ፤ ከምሥራቅ ሸዋ ሻሸመኔ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሲራሮና ሻላ። በዘውዱ ዘመን የገናሌ አውራጃ መቀመጫ የነበረችው ዶዶላ ከባሌ ወጥታ ወደ አርሲ ስም መጣች።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ሁለት ምክንያቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዱ መንገድ ነው። ለኮፈሌ ነዋሪ ሻሸመኔ ገበያ ቅርብ ናት፤ አሰላ ሩቅ ናት። ሌላው ስም ነው። በ1934 ዓ.ም. የተቆረጠው መስመር በሦስት ጠቅላይ ግዛት የበተነው የአርሲ ሕዝብ ክፍል አሁን በስሙ የሚጠራ ዞን አገኘ። በአርሲ ታሪክ ውስጥ የመንግሥት መስመር ሰው ራሱን ከሚጠራበት ስም ኋላ ተከትሎ የሄደበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነው።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። የአንድን አካባቢ ዕድገት በተከታታይ ቆጠራ ማወዳደር ለሚፈልግ ተመራማሪ የአርሲ ዞን ቁጥር ወጥመድ ሆነ። በ1999ኙ ቆጠራ አርሲ ዞን 2,637,657 ነዋሪ አለው፤ የ1987ቱ አርሲ ግን ኮፈሌን፣ ኮሬንና ገደብ አሳሳን የያዘ ሌላ አርሲ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የዕድገት መቶኛ የሚያሰላ ሰው የተለያዩ አገሮችን እያወዳደረ ነው። የመሬት፣ የፍርድ ቤትና የትምህርት መዛግብትን ለሚያገላብጥ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የዶዶላን የቀድሞ ፋይል ፈላጊ ባሌን፣ የነገሌን ፈላጊ ሸዋን ማንኳኳት አለበት።

የስሙ አጠራር ደግሞ ለብቻው ይነገር። በመንግሥት ወረቀት «ምሥራቅ አርሲ» የለም፤ ምዕራብ አርሲና አርሲ ነው ያሉት። የቀድሞው ዞን ስሙን ያለ ቅጽል ይዞ ቀረ፤ እንደ እናት ቤት። በዜናና በጭውውት ግን «ምሥራቅ አርሲ» የሚለው ስም በስፋት ይሰማል። ሰው ምዕራብ ካለ ምሥራቅ ይኖራል ብሎ በራሱ አሟልቶታል። ሕዝብ በመስመር ላይ የራሱን ስም ሲጨምር እንዲህ ነው፤ ማኅተም አይጠይቅም።

ተመራማሪዎቹ ምን ይላሉ?

በአርሲ ላይ የተሠሩት ታሪካዊ ጥናቶች ይህን ጥያቄ በተለያየ በር ያስገባሉ። አባስ ሐጂ ኛሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1880 እስከ 1974 ያለውን ወረራና ተቃውሞ ሲመረምሩ መነሻቸው የአርሲ ኦሮሞ እንደ ሕዝብ ነው፤ ዋቢ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለው በአንድ ታሪክ ይነበባል። ከተቦ አብዲዮ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሠሯቸው ጥናቶች አርሲን በአስተዳደር አካልነቱ፣ በገዥዎቹ፣ በመሬት ሥሪቱና በግብሩ በኩል ይከታተላሉ። ተርየ ኦስተቦ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ባሌ አመፅ ባሳተመው መጽሐፍ ሃይማኖት፣ ዘርና መሬት ተለያይተው የማይታዩበትን «ሕዝብነት» ይፈልጋል፤ በዋቆ ጉቱ የተመራው የ1955–1962 ዓ.ም. አመፅም የአንድ ጠቅላይ ግዛት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንደማይገባ ያሳያል።

ሦስቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ታሪኩን በሕዝብ ስም የሚጽፍ ተመራማሪ መዝገብ ፍለጋ ሲሄድ የሚያገኘው በጠቅላይ ግዛት የተደራጀ ነው፤ በጠቅላይ ግዛት የሚጽፈው ደግሞ ምስክሮቹን ሲጠይቅ የሚሰማው ስለ ጎሳና ስለ ተራራ ነው። ድንበሩ በሳጥን፣ ማንነቱ በአፍ ተቀምጧል። አንዱን ብቻ ያነበበ ግማሽ አርሲን ያነባል።

«የአርሲ ልጅ» ማነው?

እስካሁን ስለ ጎሳ ቆጠራ ተናግረናል። አርሲ ውስጥ ግን በዚያ ቆጠራ የማይገቡ ብዙ ልጆች አሉ። ከሸዋ የመጡ አማሮች፣ የጉራጌና የስልጤ ነጋዴዎች፣ ጭሰኛ ሆነው ወይም መሬት አግኝተው የሰፈሩ፣ በአሰላና በበቆጂ የተወለዱ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች። ለእነዚህ «አርሲ» የሕዝብ ስም ሳይሆን የትውልድ ቦታ ስም ነው፤ ያደጉበት ብርድ፣ የገብስ ጠላ፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት ነው።

ሩጫ ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ለዓለም አስተዋውቆታል። ከአሰላ አካባቢ ኃይሌ ገብረሥላሴ፤ ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ስታሸንፍ፣ ፋጡማና ኃይሌ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ወርቅ ሲያመጡ፣ ደስታው በአሰላ ገበያ የሁሉም ነበር። ስለ በቆጂ የሚናገር ሰው የማንን ጎሳ እንደሚያወራ አይጠየቅም።

ግን ስሙ መገፋፊያ የሆነበትም ጊዜ አለ። በ1984 ዓ.ም. በአርባ ጉጉ በአማራ ነዋሪዎች ላይ የደረሰው ግድያ፣ ስም የትውልድ ቦታ ከመሆን ወጥቶ የባለቤትነት መለኪያ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ያሳየ ቁስል ነው። በ2006 ዓ.ም. በሔጦሳ ወረዳ የቆመው የአኖሌ ሐውልት በምኒልክ ዘመቻ የደረሰውን ግፍ ለማስታወስ ሲሠራ በአንዱ ወገን እንደ ዘገየ ፍትሕ፣ በሌላው ወገን እንደ ቂም ጥሪ ታየ። ሁለቱም ክርክሮች ዛሬም አልተዘጉም። አስተዳደራዊ ድንበር ስንለውጥ የምንነካው ይህን ሁሉ ነው፤ የአንዱ ትዝታ የሌላው ሥጋት በሚሆንበት ምድር ላይ መስመር እናሰምራለን።

ሌላው አገር

አርሲ ብቻዋን አይደለችም። ዛሬ በአገራችን ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ፤ አንዱ በአማራ ክልል፣ ሌላው በኦሮሚያ። ሸዋ የሚባለው አሮጌ አገር ተሰንጥቆ ሁለቱም ወራሾች ስሙን አልለቀቁም። ጎጃም፣ ጎንደርና ወሎ ክፍለ ሀገር መሆናቸው ካከተመ ብዙ ዘመን አልፏል፤ «ጎጃሜ»፣ «ጎንደሬ»፣ «ወሎዬ» መባል ግን አላከተመም። በ2015 ዓ.ም. ኦሮሚያ ከጉጂ፣ ከቦረናና ከባሌ ወረዳዎችን አውጥቶ ምሥራቅ ቦረናን ሲያቋቁም በጉጂ ተቃውሞ ተነሳ፤ የጥያቄው እምብርት ዞኑ የማንን ስም ይዞ በማን ምድር ይቆማል የሚለው ነበር። ምዕራብ አርሲ ሲቋቋም ስሙ ሰበሰበ፤ ምሥራቅ ቦረና ሲቋቋም ስሙ አጋጨ። ያው የዞን ምሥረታ ቢሆንም ውጤቱ በሚወጣው ስም ተለያየ።

ከባሕር ማዶም ትምህርት አለ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1974 የአውራጃ አስተዳደሯን ስታዋቅር ትንሿን ራትላንድ ሰረዘች፤ ሰዎቿ ከሃያ ዓመት በላይ ተሟግተው በ1997 መለሷት። ጀርመን አውራጃዎችን አዋህዳ የመኪና ታርጋ ላይ ያለውን የአውራጃ ፊደል ካስቀረች በኋላ፣ ሰዎች ስለጠየቁ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አሮጌዎቹን ፊደሎች ዳግም ፈቀደች። አስተዳደሩ አልተመለሰም፤ ስሙ ግን ተመለሰ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕገ መንግሥቷ 47 ካውንቲዎችን ስታቋቁም የማንኛውም ካውንቲ ወሰን የሚለወጠው ገለልተኛ ኮሚሽን ሐሳብ ካቀረበና በሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካለፈ ብቻ እንዲሆን በአንቀጽ 188 አጠረች። ኬንያ መስመሩ እንዳይንቀሳቀስ ቆለፈች፤ ጀርመን መስመሩን አንቀሳቅሳ ስሙን ነፃ ለቀቀች።

ፍርዱ

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ የዳሰሳው ፍርድ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ አስተዳደራዊ መስመር ማንነትን በትእዛዝ አይሠራም፤ በአገልግሎት ግን ይቀርጻል። ጭላሎን ከጢቾ የለየው የካዱ መጋዘንና መንገድ ነው። ስለዚህ ዞን ወይም ወረዳ ሲቆረጥ መጀመሪያ መለካት ያለበት ገበሬው ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታልና ገበያ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ ነው። ኮፈሌን ከአሰላ ወደ ሻሸመኔ ያዛወረው ውሳኔ በዚህ ሚዛን ሲለካ ትክክል ነበር።

ሁለተኛ፣ ስም ከአስተዳደሩ ይረዝማል። አርሲ ነገሌ በሸዋ ሥር ለአሥርት ዓመታት ኖራ ስሟን አልጣለችም፤ ሁለቱ ጎሎልቻዎች ዋቢን ለሁለት ይዘው ቆመዋል፤ የአርባ ጉጉ ስም አውራጃው ከተሻረ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላም ይጠራል። ስለዚህ አዲስ እርከን ሲሠራ ስምን እንደ ሽልማት ለአንዱ ሰጥቶ ከሌላው መንጠቅ ቁስል ይተዋል። ጉጂ የነገረን ይህንን ነው።

ሦስተኛ፣ የሕጉ ክፍተት መዘጋት አለበት። ክልል ከክልል ጋር ሲዋሰን የሕዝብ ፍላጎት ይጠየቃል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የያዘ ዞን በአንድ ክልል ውስጥ ሲሰነጠቅ ግን የሚጠየቅ የለም። ኬንያ ያደረገችውን ሁሉ እናድርግ አልልም፤ መስመር ሁሉ ከተቆለፈ የኮፈሌ ሰው እስከ ዛሬ አሰላ ይመላለስ ነበር። ክልሎች ቢያንስ ዞን ከመክፈላቸው በፊት የታሰበውን ካርታ በየወረዳው ለጥፈው፣ የነዋሪውን አስተያየት በአደባባይ ሰምተው፣ ምክንያታቸውን በጽሑፍ እንዲያወጡ በሕገ መንግሥታቸው ይደንግጉ። ያለፉት መዛግብትና ቆጠራዎችም ከአዲሱ ወሰን ጋር እንዲናበቡ ተደርገው ይቀመጡ፤ አለዚያ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የአርሲን ታሪክ በሦስት ቢሮ ሲፈልግ ይኖራል።

መንገደኛው አርሲ ነገሌ ሲደርስ ከተማዋ ዛሬ ስሟን ከሚመስል ዞን ውስጥ ናት። ግብሯ ከስሟ ጋር እስኪገናኝ ሦስት መንግሥታት አልፈዋል። የሚቀጥለውን መስመር የሚያሰምሩ ሰዎች ይህን ቆጥረው ይጀምሩ።